ሞተር የሚያድነው አንድ ሲኒ ባዶ ቦታ

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ ወደ አዲስ አበባ፣ የአዲስ አበባን ሸቀጥ ወደ ጎጃም ያመላልሳል። በዚህ መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ሹፌሩ ጨርቅ በእጁ ጠምጥሞ ራዲያተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ዳገቱ ነው።" ዳገቱ ግን ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ ለደጋ አገር ሹፌር ቅንጦት ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቱርቦ ታሪክም ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ በ1918 የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣና ቱርቦ በስስ አየር የጠፋውን ጉልበት እንደሚመልስ አሳየ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ የሚገባውን አየር ይጨምቃል። ነገር ግን የተጨመቀ አየር ይግላል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማግኘት አብዝቶ መጭመቅ ስላለበት አየሩ ይበልጥ ይግላል፤ ብዙ ጊዜም ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የጋለ አየር ተመልሶ ስስ ይሆናል፣ ሞተሩንም ያግላል።

ኢንተርኩለር የመጣው ይህን አየር ሞተር ከመግባቱ በፊት ለማቀዝቀዝ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። በጭነት መኪኖች ዘንድ የተለመደው በነፋስ የሚቀዘቅዘው ነው። ሁለተኛው በውሃ የሚቀዘቅዘው ሲሆን የራሱ ትንሽ ራዲያተር፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ፖምፓና የራሱ የውሃ መስመር አለው። አንዳንድ የቮልስዋገን ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ይህንኑ ኢንተርኩለር አየር ማስገቢያው ውስጥ አካትተው ይመጣሉ። መኪናው ዳገት ላይ በዝግታ ሲጎተት ነፋሱ ስለሚያንስ የውሃው ዓይነት ተመራጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በጋራዥ የሚገጥሙትም አሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ኢንተርኩለሩ፣ ፖምፓውና ቱቦው ከተገዙ በኋላ አንዲት ዕቃ መረሳቷ ነው። ይህቺም ኤክስፓንሽን ታንክ የሚባለው፣ ነጭ ፕላስቲክ የሆነው የትርፍ ውሃ መያዣ ናት።

"መስመሩ ዝግ ነው፣ ውሃው አይፈላም፣ ታንክ ምን ያደርጋል?" የሚል መካኒክ ይኖራል። ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 20 ዲግሪ የነበረ ውሃ 60 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ በ1.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መስመሩ 5 ሊትር ቢይዝ ትርፉ 75 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ነገር ግን ውሃ አይጨመቅም። አፍ እስከ ገደፉ በተሞላ ዝግ መስመር ውስጥ ያቺ አንድ ሲኒ መሄጃ ስታጣ ቱቦ ከማሰሪያው ትነቅላለች ወይም ከኢንተርኩለሩ ብየዳ ደካማውን ታገኛለች።

ከዚህ የሚብሰው አየር ነው። መስመሩ ሲሞላ የቀረ የአየር አረፋ ከፍ ወዳለው ቦታ ይሰበሰባል። የኤሌክትሪኳ ፖምፓ ውሃ እንጂ አየር መግፋት አትችልም። አረፋው ፖምፓው ጋ ከደረሰ ውሃው ይቆማል፤ ፖምፓው ግን ድምፅ እያሰማ መዞሩን ስለሚቀጥል ሹፌሩ ሁሉም ደህና ይመስለዋል። ኢንተርኩለሩ ማቀዝቀዝ አቁሞ፣ ሞተሩ የጋለ አየር እየዋጠ ዳገቱን ይያያዘዋል። ጉልበት ፍለጋ የተገጠመው ዕቃ ጉልበት ቀንሶ ሞተር ያስጨንቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ታንኩ የሚቀመጥበት ቦታ ራሱን ከመግጠም አይተናነስም። ከመስመሩ ሁሉ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከኢንተርኩለሩና ከትንሹ ራዲያተር ከፍተኛ ቦታ ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ ወደ ታንኩ ላይኛ ክፍል ይገባል፤ አየሩ የሚወጣው በዚህ ነው። ከታንኩ ሥር ወፈር ያለ ቱቦ ወርዶ ፖምፓው ውሃ ከሚስብበት በኩል ይገናኛል፤ ፖምፓው ሁልጊዜ አየር የሌለው ውሃ የሚያገኘው በዚህ ነው። ታንኩ የሚሞላው ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ነው፤ ያውም እስከ ምልክቱ ብቻ፣ ምክንያቱም ባዶው ቦታ የሥራው አካል ነው። ይህን መስመር ከዋናው የሞተር ውሃ ጋር እንዲሁ መቀላቀልም አይገባም። የሞተሩ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን ማቀዝቀዣ የተባለው ማሞቂያ ይሆናል። አንድ ታንክ ለሁለቱ የሚያጋሩ ፋብሪካዎች ቢኖሩም ውሃው እንዳይዘዋወር መስመሩን አጥብበው ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሰው አብዛኛው መኪና በውሃ የሚቀዘቅዝ ኢንተርኩለር የለውም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ሕጉ ግን ለዋናው ራዲያተርም ያው ነው፤ እዚያ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። የታንኩ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ ነው። 1 ባር የሚይዝ ክዳን ሞጣ ላይ በ92 ዲግሪ ይፈላ የነበረውን ውሃ እስከ 116 ዲግሪ ገደማ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ክዳኑ አርጅቶ በጨርቅ ሲጠቀጠቅ ወይም የተሰበረው ታንክ ወጥቶ በምትኩ የሃይላንድ ጠርሙስ በሽቦ ሲታሰር ይህ ጥበቃ ይጠፋል። ጠርሙሱ የፈሰሰውን ይቀበላል እንጂ ግፊት አይይዝም። ግፊት የያዘን ክዳን በትኩሱ መክፈት ደግሞ የታመቀው ውሃ ባንዴ ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ እንዲረጭ መፍቀድ ነው።

ታንኩ ምስክርም ነው። ውሃው ከውጭ ሳይፈስ በየቀኑ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው። በዋናው መስመር ላይ ከሆነና አረፋ ሳያቋርጥ ከተንፈቀፈቀ የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል። በኢንተርኩለሩ መስመር ላይ ከሆነ ውሃው በአየር መንገዱ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛ ቢየላ ያጣምማል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን ጥቅሻ የሚናገር ዕቃ ከመኪናው ላይ ማውጣት ምስክርን ከችሎት እንደ ማባረር ነው።

ጉዳዩ የጋራዥ ወሬ ብቻ ያልሆነው ለምንድን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ወጣ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። ስለዚህ ዛሬ ያለው የነዳጅ አውቶሞቢል በቀላሉ የማይተካ ነው። ትልቅ ከተማ ላይ ሞተር ሲነክስ ታክሲ ይጠራል፤ በቢቸናና በሞጣ መካከል ሲነክስ ግን ጤፉ ገበያ ያልፈዋል፣ ወደ ሆስፒታል የምትሄደው ወላድም መንገድ ላይ ትቀራለች።

"የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል" ማለትም አያዋጣም። አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 4 ባትሪው የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው፤ እሱም ኤክስፓንሽን ታንክ አለው። አየር የማስወጣቱ፣ ትክክለኛውን ኩላንት የመጠቀሙ፣ ክዳኑን የመጠበቁ ትምህርት ከናፍጣው ወደ ባትሪው አብሮ የሚሻገር ነው።

የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የማቀዝቀዣ ትምህርታቸውን በባሕር ወለል ቁጥር ሳይሆን በ2,500 ሜትር ቁጥር ያስተምሩ። አስመጪዎች ከሚሸጡት ዕቃ ጋር የአገጣጠም መመሪያውን በአማርኛ ይስጡ። ባለመኪናውም "ትርፍ ወጪ ነው" ብሎ ታንኩን ከሒሳቡ አያስቀንስ፤ ከወንዝ የተቀዳ ውሃም ለጊዜው ያድርሰው እንጂ በኩላንት ሳይተካ አይክረም፤ ዝገቱና ደለሉ የትንሹን ራዲያተር ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናሉ። በጥቂት ብር ባዶ ቦታ የነፈገ ሰው ሙሉ ሞተር ይከፍላል፤ ያኔም ዳገቱን መውቀስ የወጣውን ገንዘብ አይመልስም።