«የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ ቲቸር?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አሁን አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት። «ቲቸር፣ ማኔጄሪያል አካውንቲንግ ልንጀምር ነው፣ ሃንድአውቱ ምንም አልገባኝም። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ብቻ ንገረኝ» ትላለች። «ነገ እመልስልሻለሁ» ብያት ይኸው ሳምንት ሆነኝ። መጽሐፍ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥያቄዋ ከታላቅ እህቴ ጋር ያለብኝን አንድ የቆየ ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው። ሌሎቻችሁም ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ ረዘም አድርጌ እዚሁ ልጻፈው።

እኔ ዲፕሎማዬን ስማር ይህን ኮርስ የወሰድኩት በአንድ ቀጭን ሃንድአውት ነበር። ከሆነ መጽሐፍ ተቆራርጦ የተለጣጠፈ ነገር ነው። ጥያቄው አለ፣ ሠንጠረዡ የለም። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ 3 እና 8 አይለዩም ነበር (የወጪ ሒሳብ እየሠራህ 3 እና 8 ካልተለዩ አስቡት እንግዲህ)። ፎርሙላዎቹን ሸመደድኳቸው። ጠቅላላ ወጪን ለምርት ብዛት ማካፈል፣ የአንዱን ወጪ ማግኘት፣ ትርፍ መደመር። ፈተናውን ቢ አመጣሁ። አወቅኩት ብዬ ኮርሱን ረሳሁት።

እህቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቅና ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ካፌ በቀን 100 እንጀራ ስጪኝ አላት፤ ዋጋው ግን ለሌሎቹ ከምትሸጥበት ያነሰ ነበር። «አንተ ሒሳብ ተምረሃል፣ እስቲ ያዋጣኝ እንደሆነ አስላልኝ» አለችኝ። እኔም በኩራት ደብተር አወጣሁ።

ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመች አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ዛሬ በዚህ ዋጋ እንጀራ ፍለጋ እንዳትወጡ። ያኔ በቀን 300 እንጀራ ትጋግራለች፣ በወር 9,000 መሆኑ ነው። አንዱን በ15 ብር ትሸጣለች። ለጤፍ፣ ለመብራት፣ ለላስቲክና በእንጀራ ቁጥር ለምትከፈለው ጋጋሪ አንዱ እንጀራ 11 ብር ይፈጃል። የቤት ኪራይና የአመላላሹ ልጅ ደመወዝ ደግሞ በወር 18,000 ብር። ይህን ለ9,000 ሳካፍል 2 ብር መጣልኝ። 11 እና 2፣ 13። ካፌው የሚከፍለው 12 ብር ከ50 ነው። «13 ብር የፈጀብሽን በ12 ከ50? በየእንጀራው 50 ሳንቲም ልትከስሪ ነው፣ እንዳትነኪው» አልኳት። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችና ለካፌው እምቢ ብላ መለሰች።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላይ የጋሪሰንን «ማኔጄሪያል አካውንቲንግ» አንድ የቆየ እትም አገኘሁ። የገዛሁት ለክፍል ምሳሌ እንዲሆነኝ ብዬ ነው። ስለ ልዩ ትዕዛዝ የሚያወራው ክፍል ላይ የተራራ ብስክሌት የሚሠራ ድርጅት አለ። ፖሊስ 100 ብስክሌት ያዘዋል፣ የሚከፍለው ዋጋ ግን ለአንዱ ብስክሌት ከተሰላው ወጪ ያነሰ ነው። ይቀበል ወይስ አይቀበል? እኔ ከመልሱ በፊት «አይቀበል» ብዬ ነበር። መጽሐፉ ግን ወጪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ይጠይቃል፦ ይህ ወጪ ትዕዛዙን ስለተቀበልን ይጨምራል? ካልጨመረ ከዚህ ውሳኔ ምን አገባው? የፋብሪካው ኪራይ ብስክሌቱ ተሠራም አልተሠራም ይከፈላል። እነዚያ ሲወጡ ትዕዛዙ ትርፍ ሆኖ ተገኘ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። የብስክሌቱን ነገር ትቼ ስለ እንጀራው ማሰብ ጀመርኩ። የእህቴ ቤት ኪራይ ለካፌው ጋገረችም አልጋገረችም ያው ነው። ካፌው ሰው ልኮ ስለሚወስድ የማመላለሻም አይጨምርም። ምጣዶቹ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈት ናቸው። ስለዚህ የሚጨምርባት 11 ብር ብቻ ነበር፣ የምታገኘው 12 ከ50። በእንጀራ 1 ብር ከ50፣ በቀን 150፣ በወር 4,500 ብር። ያኔ ደመወዜ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እኔ ነኝ በአንድ ደብተር ገጽ ያስቀረሁባት።

ለመንገር ብዙ ጊዜ ፈራሁ። አንድ እሁድ ቡና ላይ ነገርኳት። ሳቀችና «ኧረ እኔስ ሆዴ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። ምጣዱ ተገትሮ ይውላል፣ ኪራዩን እንደሆነ ለማንም ጋገርኩ ለማንም እከፍላለሁ። ግን አንተ የተማርከው ነህ ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። ከጠፋው ብር የበለጠ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። እሷ ሳትማር የገባት ነገር በእኔ ሃንድአውት ተሸነፈ።

(«ስለዚህ የመጣ ትዕዛዝ ሁሉ ይዋጣል» እንዳትሉ። ለሁሉም ደንበኛ በ12 ከ50 ብትሸጥ 9,000 ጊዜ 1 ከ50፣ 13,500 ብር ነው፤ 18,000ውን አይሸፍንም። የድሮ ደንበኞቿ ሰምተው «ለኛም ቀንሺ» ካሉ፣ ወይ ተጨማሪ ምጣድ መግዛት ካስፈለገ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። ጥሩ መጽሐፍ ይህንንም ይነግርሻል።)

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። መጽሐፍ ስታገኚ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪ። ስለ አጭር ጊዜ ውሳኔ የሚያወራውን ምዕራፍ ፈልጊ፦ ልዩ ትዕዛዝ መቀበል፣ ራስ መሥራት ወይስ መግዛት፣ የሚከስር ክፍልን መዝጋት። እሱን አንብቢ። አንድን ወጪ ለምን ከሒሳቡ እንዳወጣው በቃላት ካስረዳሽ ያዢው። ሠንጠረዥና ፎርሙላ ብቻ ደርድሮ ካለፈ መልሺው፣ የቀረውም እንደዚያው ነው።

ለጀማሪ እኔ ጋሪሰንን እመርጣለሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ተለዋዋጭና ቋሚ ወጪን ለይቶ የማየት ልማድ ገና ከመጀመሪያው ያስይዝሻል። የሆርንግረን «ኮስት አካውንቲንግ» ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ ከ1962 (እኤአ) ጀምሮ እየታደሰ የሚታተም። ግን ከባድ ነው፣ መሠረቱን ከያዝሽ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች መጀመሪያ እሱን ገዝተው ትራስ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ድሩሪም ጎበዝ ነው፣ እሱ የእንግሊዞቹ ነው፣ ቃላቱ ትንሽ ይለያሉ።

ገንዘብ ከሌለሽ ደግሞ የኦፕንስታክስን «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ» ሁለተኛ ቅጽ ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርጂ። በ2019 (እኤአ) የወጣ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ነፃ ነው፣ ቅጹ በሙሉ ስለ ማኔጄሪያል ነው። ያልኩሽ ዓይነት ውሳኔ ምዕራፍ 10 ላይ አለ። አንዳንድ ቦታ ወሬው ይበዛል፣ ግን ስልክ ላይ ይነበባል።

አሮጌ እትም ነው ብለሽ አትናቂ። ፋይናንሻል አካውንቲንግ ቢሆን እጠነቀቅ ነበር፤ አዋጅ 847/2006 ከወጣ ወዲህ አገራችን ወደ አይኤፍአርኤስ እየገባች ነው፣ የድሮ መጽሐፍ ያሳስትሻል። ማኔጄሪያል ግን ለቤቱ ባለቤት የሚሠራ ሒሳብ ነው፣ በዚያ መስፈርት አይታሰርም። የዛሬ 15 ዓመቱ ብስክሌት ዛሬም ያስተምራል። ችግሩ አስተማሪሽ «ጥያቄ 12ን ሥሩ» ሲል ያንቺ እትም ላይ 12 ሌላ መሆኑ ነው፤ እሱን ከጓደኛ ፎቶ አንሺ።

ዶላሩና ጋሎኑም አያስፈራሽ። አንድ ምዕራፍ በጨረስሽ ቁጥር አንድ የምታውቂውን ሥራ ውሰጂና በብር ሥሪው። የሰፈርሽን ሱቅ፣ የአጎትሽን ባጃጅ። እኔ ክፍል ውስጥ አሁን የእህቴን ምጣድ ነው የማሠራው፣ እሷም ታውቃለች።

የመልስ መጽሐፉን ግን፣ እባክሽን፣ ከቴሌግራም ቻናል አታውርጂ። እያየሽው ሁሉም ነገር የገባሽ ይመስልሻል። እኔም በቢ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ሌሎቻችሁ የተጠቀማችሁበት መጽሐፍ ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የጋሪሰንን ፒዲኤፍ ግን አትጠይቁኝ፣ የለኝም። አሮጌውን መዋስ የሚፈልግ ግን ትምህርት ቤት መጥቶ ይውሰድ፣ የብስክሌቱ ገጽ ላይ የቡና ጠብታ አለበት።