ኢንጂነሩና 12ቱ ጫጩቶች



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ስገባ ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ብዬ ዓሣ ማርባት ጀመርኩ። መስታወት አስቆርጬ፣ በሲሊኮን አጣብቄ 40 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ሠራሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በባልዲ ቀድቼ ሳልከድነው አሳድረዋለሁ። ከዚያ ሁለት ወንድና አራት ሴት ጋፒ ገዛሁ።

ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ ጫጩቶቹን በሕይወት ይወልዳል። ሴቷ በወር ገደማ ትወልዳለች፤ ከወንድ አንዴ ተገናኝታ ለወራት ደጋግማ መውለድም ትችላለች። አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ባትሪ ሳበራ ከሣሩ ሥር ሚጢጢ ዓይኖች አየሁ። ሱብሓነላህ! ችግሩ እናትየዋ ራሷ ጫጩቶቿን ትበላለች። ስለዚህ በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ ለቅሜ ወደ ሌላ ዕቃ አዛወርኳቸው። 31 ነበሩ።

ምግባቸው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ነበር፤ በጨርቅ አጥልዬ፣ በጣት ጫፍ የምትያዝ ብቻ፣ በቀን አራት ጊዜ። ከበዛ ይበሰብስና ውሃው ውስጥ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ጫጩት ደግሞ አሞኒያ አይችልም። ኡሚ "ለእነዚህ የምትነሳውን ያህል ለተሀጁድ ብትነሳ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው የጎረቤታችን ልጅ ያጠራቀማትን አውጥቶ 12 ጫጩት በ240 ብር ገዛኝ። እኔም ወደ ካምፓስ መመለሻ ትራንስፖርት ፈልጌ ነበር። ግን ከሁለት ቀን በፊት ጫጩቶቹ ሰውነታቸውን ድንጋይ ላይ ሲያሹ አይቻለሁ። ይህ የነጭ ነጥብ በሽታ መጀመሪያ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ነጥቡ ገና ስላልወጣ "ምናልባት አይደለም" ብዬ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ልጁ በራችንን አንኳኳ። "ኢንጂነር፣ ሁሉም ሞቱ። የድሮዎቹ ሁለት ዓሦቼም ሞቱ። ምግብ አብዝቼባቸው ነው አይደል?"

"አይዞህ፣ ያጋጥማል" ብዬ ሸኘሁት።

መግሪብ ስሰግድ ምን እንደቀራሁ አላውቅም። ልጅ ሆነን መድረሳ ኡስታዛችን ስለ ግዢና ሽያጭ ሲያስተምሩን የእህሉን ክምር ሐዲስ ነግረውን ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ያገኙበትን። ያኔ የእህል ነጋዴዎች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡም አንድ ነገር ነው፤ የበለጠ የከበደኝ ግን የኔን ጥፋት አንድ ሕፃን በራሱ ላይ ጭኖ እንዲያድር መተዌ ነበር።

ከዒሻ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አባቱ ባሉበት "ጥፋቱ ያንተ አይደለም። መታመማቸውን ጠርጥሬ ነበር፤ ሳልነግርህ ሸጥኩልህ" አልኩት። 240 ብሩንና የሁለቱን ዓሦች ዋጋ መለስኩ። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው "በል ሻይ ጠጣ" አሉኝ። ልጁ ግን ፊቱን አዞረብኝ። ሐቁ ነው።

እኔ ጋ የቀሩት ላይም ነጥቡ ወጣ። ተውሳኩ ቆዳ ሥር እያለ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚመታው ከዓሣው ተላቆ ውሃው ውስጥ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ኡደቱ እንዲፈጥን ውሃውን ቀስ በቀስ እስከ 30 ዲግሪ አሙቄ ሁለት ሳምንት አከምኳቸው። ከ19ኙ 14 ተረፉ። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ልጁ መጣና መስታወቱ ላይ ተለጥፎ "እነዚህስ?" አለኝ። "ድነዋል። ግን እኔን አትመን፤ አንተው እያቸው" አልኩት። ረጅም ሰዓት አያቸውና አምስት መረጠ። ብር አልተቀበልኩትም። ለትራንስፖርቱ ከእህቴ ተበደርኩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ዶርም ውስጥ ያገለገለ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ካልኩሌተር እንሸጣሸጣለን። ባትሪው እንደደከመ እኛ እናውቃለን፤ ገዢው አያውቅም። "አልጠየቀኝም" የሚለው መልስ ለጓደኛችን ይበቃ ይሆናል፤ አላህ ፊት ግን አይበቃም። ሳንጠየቅ እንናገር።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን።