እማማ የሚነሡበት ወንበር፦ ሴዳን ወይስ ኤስዩቪ?

ሪችፊልድ ውስጥ ሐበሻ ቤት ገብታችሁ "ምን መኪና ልግዛ?" ብትሉ፣ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ሴዳን ነው፣ ነዳጅ አይበላም" ይላል። ሌላው "በዚህ በረዶ? ኤስዩቪ ነው እንጂ" ይላል። እኛም ቤት እንደዚያው ነው። አባዬ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ያሳደገን በሴዳን ስለሆነ ከሴዳን የሚነጥለው የለም። እማዬ ደግሞ ኤስዩቪ መመኘት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቡና ወሬ አለፈ። አያቴን እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ከተቀየረ ወራት ሆኖታል። ቁስሉ ድኗል፣ ቤት ውስጥ በዱላ ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ደረጃም ይወጣሉ። እሑድ ጠዋት ሲሆን ግን "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጸልያለሁ" ማለት ጀመሩ። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ አምስት እሑድ። ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ቆይቶ ነው ምክንያቱን ለእኔ ብቻ የነገሩኝ፦ "ልጄ፣ ከዚያ መኪና ስወርድ ሁለት ሰው እየጎተተኝ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ..." አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ሜትር ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሮቹን አየሁ፣ ምክንያቱም ሁላችንም "ኤስዩቪ ሰፊ ነው" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አናስብም።

ከ2018 እስከ 2022 የተሠራው ሆንዳ አኮርድ ሴዳን የኋላ ወንበሩ የእግር ቦታ 40.4 ኢንች ነው። የዚያው ዘመን ሆንዳ ሲአር-ቪ ኤስዩቪስ? እሱም 40.4። ቶዮታ ካምሪ 38 ኢንች ሲኖረው ራቭ4 37.8 ነው፤ ሴዳኑ በትንሹ ይበልጣል። ለእግር ከሆነ ኤስዩቪ የጨመረልን ነገር የለም ማለት ነው። ሦስተኛ ረድፍ ያለው ሃይላንደር ደግሞ የ2020ው ሞዴል ሦስተኛው ረድፍ ላይ 27.7 ኢንች ብቻ ነው ያለው። "ሰባት ሰው ይጭናል" ሲሏችሁ ሁለቱ ልጆች ቢሆኑ ይሻላል።

ስሙም ያሳስታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሴዳንን የሚመድበው በውስጥ ስፋቱ ነው፤ የሰውና የዕቃው ቦታ ተደምሮ ከ110 እስከ 120 ኪዩቢክ ፊት ከሆነ "መካከለኛ" ይባላል። ኤስዩቪን ግን የሚመድበው በክብደት ነው። ስለዚህ "መካከለኛ ሴዳን" እና "ትንሽ ኤስዩቪ" የሚሉትን ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ ስፋት ማወዳደር አይቻልም።

እውነተኛው ልዩነት ወደ ላይ ነው። የካምሪ ዕቃ መጫኛ 15 ኪዩቢክ ፊት ያህል ነው፣ የራቭ4 ከ37 በላይ። ይህን ለመረዳት አንድ መሶብ ይበቃል። ሴዳን ውስጥ መሶብ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ የወጥ ድስትም ሰው ጭን ላይ ነው የሚሄደው። ኤስዩቪ ውስጥ ሁለቱም ቆመው ይደርሳሉ።

ሰው ላይም ያው ነው። የአባዬ መኪና ወንበር ከመሬት 21 ኢንች ሆኖ አገኘሁት። የጎረቤታችን ትንሽ ኤስዩቪ 27፣ የአጎቴ ትልቁ ደግሞ 34። እማማ አጭር ናቸው፤ ቆመው መቀመጫቸው ከመሬት 27 ኢንች ግድም ነው። ሴዳኑ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ ይሆናል፣ ለመነሣት መላ ክብደታቸውን በታመመው ጉልበት መግፋት አለባቸው። የአጎቴ መኪና ላይ ደግሞ በረጅም ቀሚስ መውጣት አለባቸው። ወንበሩ ከሰውየው መቀመጫ ጋር እኩል ሲሆን ግን ወደኋላ ጠጋ ብሎ መቀመጥ፣ ሲወርዱም ቀጥ ብሎ መቆም ነው።

አባዬ የራሱ ክርክር አለው፣ እውነትም አለው። ሴዳን ወደ መሬት ስለሚቀርብ መታጠፊያ ላይ ብዙ አያወዛውዝም። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው እግር ዘርግቶ መቀመጥ ያሳርፋል። ሴዳን ላላችሁም መላ አለ፦

የጋቢናውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደኋላ ግፉት፣ መደገፊያውንም ትንሽ አጋድሙት። አረጋዊው ጀርባቸውን ሰጥተው መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን ያስገቡ። በሩን እንዳይደገፉ፣ ይንቀሳቀሳልና። ጠንከር ያለ ትራስ፣ ወይም አጥብቆ የታጠፈ ጋቢ፣ ወንበሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ቀበቶው ግን ዳሌ ላይ መዋሉን እዩ። ሴዳንን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው ወንበሩ ይበልጥ ይወርድበታልና። ለረጅም ኤስዩቪ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በረዶ ከሌለበት ጠርዙ እንደ ደረጃ ያገለግላል።

እማዬ ኤስዩቪ ስትል በረዶውን ብቻ አይደለም የምታስበው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ መኪና ማለት ቪ8 ላንድ ክሩዘር ነው፣ ቪ8 ማለት ደግሞ ባለሥልጣን። የተቀረው ሰው ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆኖ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይባላል። እንዲህ ተጣብቦ ያደገ ሰው ከፍ ያለ መኪና ቢመኝ አልፈርድበትም። የእማማ ክብር ግን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማንም ሳይጎትታቸው መውረድ ነው።

ስለዚህ መኪና ልናይ ስንሄድ እማማን ይዘን ሄድን። ሻጩ ሞተሩን ሊያሳየን ሲል እኛ እማማን ሦስት ጊዜ አስቀምጠን ሦስት ጊዜ አስነሣን። ባለ ሦስት ረድፉን አይተው "ይሄ ፎቅ ነው" አሉ። ሁለተኛው፣ ያገለገለ ትንሽ ኤስዩቪ፣ ላይ ግን ብቻቸውን ተቀምጠው ብቻቸውን ተነሡ። እሱን ገዛን። አባዬ ሴዳኑን ለሥራው አስቀረ።

መኪና ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ በተለይ ሥራ ጀምራችሁ ለወላጆቻችሁ የምትገዙ፣ ቤት ውስጥ በዕድሜ ትልቁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በስልክ "የቱ ይሻልሃል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "ሁሉም ጥሩ ነው ልጄ" ነው የሚሏችሁ። ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ እናንተም እጃችሁን ሰብስባችሁ እዩ።