ጌሾ ያጋለጠኝ ውሸት

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይባላል። የእኔው ግን እያደር ከብዶኝ የተራገፈው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው።

እጮኛዬ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ብላ ስትጠይቀኝ «ትነግዳለች» ብያት ነበር። እውነትም ትነግዳለች... ጠላ! «የጠላ ሻጭ ልጅ» እየተባልኩ ስላደግሁ ቀሪውን ዋጥ አደረግሁት። ያስተማረችኝ እኮ በዚያው በጠላው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ «እናትህን ሳላይማ አላገባህም» አለችና ተነሳን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል የዓባይን በረሃ ወርደን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ፣ እሷ በገደሉ ትደነቃለች፣ እኔን ላብ ላብ ይለኛል። የትኖራ፣ ሉማሜ እያለ ከተማው ደረሰ።

ምን ፈርቼ መሰላችሁ? ጣሳውን! ጠላ ያለበት ቤት በራፉ ላይ ረጅም እንጨት ይተከልና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ማስታወቂያው እሱ ነው። ሠፈራችን ስንደርስ ግን እንጨቱ የለም። የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ! በስልክ «እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፣ ቤቱ ሰው አይብዛበት» ያልኳት ገብቷት ኖሯል።

ጌሾው ግን አልተነቀለም። ጓሮ በር ላይ ቅጠሉ እያብረቀረቀ ቆሟል፤ ቤቱም ወይራ ወይራ ይሸታል። እጮኛዬ ገና ከመቀመጧ «እማማ፣ ጠላ ጠምቀዋል እንዴ?» አለች። እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ለበዓሉ ነው ልጄ፣ ለቤት» አለች።

ለእኔ ብላ ዋሸች! ሆዴ ተላወሰ። «ትሸጠዋለች። ያሳደገችኝም በእሱ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም የእኔ አልመሰለኝም።

እጮኛዬ አልተቆጣችም አልላችሁም። ከእኔ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል አልተነጋገረችም። እናቴን ግን ተከትላ ጓዳ ገባች። እኔም በርጩማ ስቤ በር ላይ ተቀመጥኩና፣ ስንት ዓመት የጠጣሁትን ነገር ያን ዕለት ተማርኩ።

ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ሁለት ሦስት ቀን በውሃ ይነከራል፤ ጥንስስ የሚሉት ይህንን ነው። ብቅል ይጨመርበታል፤ ገብሱ ውሃ ጠጥቶ፣ አቆጥቁጦ፣ ደርቆ የተፈጨው ማለት ነው። ከዚያ ቂጣ ይቆረስበታል፤ ቀጥሎ ከተቆላ እህል ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ፣ አፉ ታሽጎ ይሰነብታል። ወፍራሙ ጠላ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ሲጨመር የሚወጣው ቅራሪ ነው፤ እሱ የእኛ የልጆቹ ድርሻ ነበር።

«ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው» አለቻት እናቴ። «ጌሾ ሲበዛ ይመራል፤ ሲያንስ ደግሞ ጠላው ቶሎ ይኮመጥጣል።»

ፈረንጆችም ለቢራቸው ሆፕ የሚጨምሩት ለዚሁ ነው፤ ምሬት ይሰጣል፣ ከመበላሸትም ያቆየዋል። የባቫሪያ መሳፍንት በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ሕግ አውጥተውለታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም ይዞት የመጣው ምሬትም የሆፕ ነው፤ የጓሯችን ጌሾ ከጋን አልወጣም። ያው እዚያ ጀርመን አገር የሆፕ ገበሬ ልጅ አባቱን የሚደብቅ ግን አይመስለኝም!

አመሻሽ ላይ እንጨቱን ፈለግሁት። ከጓሮ አጥር ሥር ተጋድሟል፤ ጣሳውም በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቡ። እጮኛዬ ድንጋይ እያቀበለችኝ በጉድጓዱ መልሼ ተከልኩት። ከመቆሙ በፊት ጣሳውን የደፋችበት ግን እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሽማግሌዎች «ምነው፣ ዘግተሽ ነበር እንዴ?» እያሉ ገቡ። እናቴ ብርጭቆ ልታጥብ ተነሳች።