ደንዲን በተሳቢ ለመውጣት

ፒክአፑ ላይ ከባድ ተሳቢ ያሰረ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «የሞተሩን ጉልበት በምን ልጨምር?» ይላል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ተርቦ ያፈላልጋል፤ ካልተሳካለት መካኒኩን «ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ» ይለዋል። ከወዳጆቼ አንዱ በአሮጌ አክስል ላይ የካምፒንግ ተሳቢ አሠርቷል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ የ200 ሊትር ውሃ ታንከርና ጀነሬተርም ተጭኖበታል። ክረምቱ ሲወጣ ደንዲ ሐይቅ ዳር ወስዶ ሊያቆመው አስቧል። የጻፈልኝ ስለ ተርቦ ነበር። መልሴ ሲረዝምብኝ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ እዚህ አወጣሁት።

መጀመሪያ መንገዱ። ከአዲስ አበባ በቡራዩ ወጥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ኦሎንኮሚን አልፎ ጊንጪ የሚደርሰው አስፋልት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ቁልቁለት ባያጣውም ተሳቢ ለያዘ ሰው የሚያስጨንቅ አይደለም። ጭንቁ የሚጀምረው አስፋልቱን ለቆ ወደ ተራራው ሲታጠፉ ነው። ጊንጪ ያለችው ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ሁለት ክብ ጎድጓዳዎች ተጋጥመው ስምንት ቁጥር የሠሩበት ውሃ ሲሆን ከ2,800 ሜትር በላይ ይገኛል። ተራራው ደግሞ ከ3,200 ሜትር ያልፋል። አምቦን አቋርጦ የሚወርደው ሁሉቃ ወንዝም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ሞተሩ የሚደክመው በዚህ ከፍታ ምክንያት ነው። በ2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ዛሬም በየመንገዱ የምናየው የሃይሉክስ ባለ 3 ሊትር 5ኤል ሞተር ቆላ ላይ ከ100 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም፤ ደንዲ ትከሻ ላይ ሲደርስ ግን የሚቀረው 70 ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ላይ የምንነዳውም መኪና ሩብ ያህሉን ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚሄደው። ስለለመድነው አይታወቀንም እንጂ አዋሽ ወይም አፋር የወረደ ሾፌር «መኪናዋ ነፍስ ዘራች» የሚለው ወዶ አይደለም።

አሁን ፖምፓው ጋ እንምጣ። ፖምፓ መክፈት ማለት ለሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ መስጠት ነው። ናፍጣው ደግሞ የሚቃጠልበት አየር ይፈልጋል። አየሩ በሦስት አሥረኛ በሳሳበት ተራራ ላይ ናፍጣ መጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ያ ጭስ በገንዘብ የተገዛ፣ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። ከዚያም የጭሱ ሙቀት ይንራል፣ ፒስተንና ቴስታ ይጎዳሉ፣ ያልተቃጠለው ናፍጣም ወደ ሞተር ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል። የፖምፓ ሠሪዎች ራሳቸው ለደጋ አገር የሚሆን፣ ከፍታው ሲጨምር ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ የሚገጥሙላቸው ፖምፓዎች አሉ። እኛ የምናስደርገው ተቃራኒውን ነው። መካኒኩ ከፍቶ ሲያስነዳችሁ ለጊዜው መኪናው የበረታ ይመስላል፤ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ስትወጡ ግን የሙቀት መለኪያው እውነቱን ይናገራል።

ተርቦ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በትክክል የጎደለውን አየር ይመልሳል። ስለዚህ ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ለተርቦ ባልታሰበ ሞተር ላይ ሲገጠም ነው። ለምሳሌ የላንድ ክሩዘር ፒክአፑ ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር ያለ ተርቦ የተሠራ ነው። የመጭመቂያ ልኩ ከፍተኛ ስለሆነ ተጨማሪ አየር በገፋችሁበት ቁጥር ውስጡ ያለው ግፊትና ሙቀት ከታሰበለት ያልፋል። የሚያስገጥም ሰው ግፊቱን ዝቅ ማድረግና የጭስ ሙቀት መለኪያ ማስገባት አለበት፤ መለኪያውን «ትርፍ ወጪ ነው» ብሎ የሚተው ከሆነ ተርቦውንም ቢተው ይሻለዋል። ከፋብሪካ ተርቦ ይዞ የመጣ መኪና ያለው ግን ብዙ አይጨነቅ። አዲሱ ባለ 2.4 ሊትር ሃይሉክስ ቆላ ላይ 400 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ሲሰጥ የድሮው 5ኤል የሚሰጠው ግማሹን ያህል ነው፤ ከፍታውም አዲሱን የሚጎዳው በጥቂቱ ነው። ለአሮጌ ሞተር የሚወጣውን የማሻሻያ ገንዘብ ሁሉ ደምራችሁ ከመኪና መቀየሪያ ልዩነት ጋር አነጻጽሩት።

ወዳጄ ግን መኪና የሚቀይርበት ገንዘብ የለውም፤ ያለው 5ኤል ነው። ስለዚህ ሒሳብ ሠራሁለት። ፒክአፑ ከነጭነቱ፣ ተሳቢውም ተደምሮ 4 ቶን ይሁን። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚያወጣ ጠጠር መንገድ ይሁን። ይህን ክብደት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይዞ ለመውጣት ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ ጎማው ላይ መድረስ አለበት። በ30 ለመውጣት ግን 57 ይበቃል። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱ የሚፈለገው ጉልበት በግማሽ ይወርዳል። 5ኤሉ ደንዲ ላይ ከቀሩት 70 ውስጥ በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነው ተቀንሶ ለ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበቃል፣ ጥቂትም አይተርፈውም። በ20 ከወጣ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይተነፍሳል። ሊገዛው ያሰበውን ጉልበት ቀኝ እግሩን በማንሣት ብቻ በነጻ አገኘው ማለት ነው።

በዘገምታ ከባድ ነገር መጎተት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ከሰው እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን ነበር ሥራውን የሚሠራው። ጉልበቱ የሚመጣው ከታመቀ እንፋሎት ስለነበር የደጋው ስስ አየር እንደ ናፍጣ ሞተር አያደክመውም፤ እንዲህ ባለ አገር የተሻለ ምርጫ ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ቀስ ብሎ ለመውጣት ማርሹ መፍቀድ አለበት። ባለ አራት ጎማ እንቅስቃሴ ፒክአፕ ዝቅተኛው የማርሽ ክልል አለው፤ ብዙ ሰው ግን ጭቃ ካልያዘው በቀር አይነካውም። ጠጠር ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ከተሳቢ ጋር የተሠራው ለዚህ ነው። ፍሪሲዮንን እያንሸራተቱ በሁለተኛ ማርሽ ከመነሣት ዝቅተኛው ክልል ገብቶ በረጋ ሞተር መነሣት ፍሪሲዮኑን ያተርፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አውጡት። ሌላው የጉልበት ሌባ ጎማ ነው። ለውበት ብሎ ትልልቅ ጎማ ያስገባ ሰው የጎማው ዙሪያ በ10 ከመቶ ከጨመረ ወደ መሬት የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በዚያው ያህል ይቀንሳል። መኪናው «ደከመ» ብለው ጋራዥ ከሚያመጡት ሰዎች ውስጥ ስንቱ ጎማውን ወደ ፋብሪካው ልክ ቢመልስ ይድን ነበር!

የአየር ፊልትሮ መቀየር፣ የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር፣ ኖዝል ማስፈተሽ፣ የሚይዝ ፍሬን ማስለቀቅ፦ እነዚህን ሳታደርጉ ስለ ጉልበት አታውሩ። የሆለታና የጊንጪ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ ይዞ ተርቦ የሚፈልግ ሰው አጋጥሞኛል።

ክብደቱስ? ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ደንዲ ግን ውሃ የማይጠፋበት ተራራ ነው፤ አፍልቶና አጣርቶ መጠቀም ይቻላል፤ ለመጠጥ ብቻ ይዛችሁ ታንከሩን ባዶ ውጡ። ድንችና ሽንኩርት ከአዲስ አበባ ጭኖ መውጣትም አይገባኝም፤ ጊንጪ ገበያ አለላችሁ። ጀነሬተሩን በባትሪና በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ተኩት፤ ለሌሊቱ ጸጥታም ይበጃል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚከመረውን ወደ ታች አውርዱ። እንዲህ እያላችሁ ብትቀንሱ 400 ኪሎ መጣል ይቻላል፤ ከ4 ቶኑ 10 ከመቶ ማለት ነው፤ የዳገት ሸክማችሁም በዚያው ልክ ይቀላል። የብዙ አውሮፓ መኪና አምራቾች መመሪያም በየ1,000 ሜትር ከፍታ የመኪናውንና የተሳቢውን ጠቅላላ ክብደት በ10 ከመቶ ቀንሱ ይላል። ሃይሉክስ በብዙ አገር 3,500 ኪሎ ይጎትታል ተብሎ የሚጻፈው ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፤ ፍሬን ለሌለው 750 ብቻ። ያን ወረቀት ይዛችሁ ደንዲ ትከሻ ላይ አትከራከሩ።

የክብደቱ አቀማመጥም አለ። በጊንጪና በአምቦ ያሉ ጋሪ ነጂዎች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል፦ ጭነቱ ወደ ኋላ ካጋደለ የጋሪው እንጨት ከፈረሱ ጀርባ ይነሣል፣ ወደ ፊት ካጋደለ ፈረሱን ይጫነዋል፤ እነሱ እንጨቱ በስሱ እንዲያርፍ አድርገው ነው የሚጭኑት። ተሳቢም እንደዚያው ነው፤ ከክብደቱ 10 ከመቶ ያህል ጋንቾው ላይ ይረፍ። 1,500 ኪሎ ተሳቢ ከሆነ 150 ኪሎ። ከዚያ ካነሰ በፍጥነት ስትሄዱ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፤ ከበዛም የፒክአፑን ባሌስትራ አስጎንብሶ የፊት ጎማዎቹን ያቀላል፣ መሪው ይሳሳል። ወዳጄ ታንከሩን ከተሳቢው ጭራ ላይ ነበር ያስበየደው፤ ወደ አክስሉ አስመጣው ብዬዋለሁ።

ስለ ማቀዝቀዣ አንድ ነገር። በ2,800 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩን የሚያድነው ክዳኑ ነው፤ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የላላ ክዳን አዲስ አበባ ላይ ምንም ሳያሳይ ይቆይና ዳገቱ መካከል ያፈላል፤ ቀጥሎ የምትቀይሩት የቴስታ ጓርኒሲዮን ይሆናል። ተርሞስታት አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮችም አሉ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ መሥራቱ ጥሩ ነው ብለው ነው። አይደለም፤ ናፍጣ ሞተር ካልሞቀ በደንብ አያቃጥልም።

ጊዜም ይመረጥ። የጊንጪ ዙሪያ መረሬ አፈር ነው፤ ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በጊንጪ ስለዚህ ጥቁር አፈር ብዙ ዓመት የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውሃ ይዞ አይለቅም። በክረምት ከመንገዱ አንድ ክንድ የወጣ ጎማ ይጣበቃል፤ እዚያ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ይኑራችሁ 200፣ ልዩነቱ ጎማው የሚቆፍረው ጉድጓድ ጥልቀት ነው። ከመስከረም በኋላ አፈሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ከማንኛውም ማሻሻያ በላይ ያዋጣል።

አሁን መቼም ማንም የማይጠይቀኝ ጥያቄ፦ መውረጃው። ከተራራው ትከሻ እስከ ጊንጪ 700 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። 4 ቶን ከዚያ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያን ሙቀት የሚቀበለው የፍሬናችሁ ሸራና ዲስክ ነው። አንዳንድ ሰው ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ይለቀዋል፤ ከተሳቢ ጋር ይህ እብደት ነው። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ወይም ከዚያ በከበደ ውረዱ፤ ፍሬኑን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ እግር ተጭኖ አይቆይበት። በጋራዥ የተበየደ ተሳቢ ብዙ ጊዜ የራሱ ፍሬን የለውም፤ የፒክአፑ አራት ጎማዎች የስድስት ጎማ ሸክም ያቆማሉ ማለት ነው። ለተርቦው የተቀመጠው ገንዘብ በመጀመሪያ መሄድ ያለበት ተሳቢው ላይ ፍሬን ለማስገጠም ነው። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ተርቦውን ለከርሞ አሳድሮታል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ፒክአፕስ የሚል ጥያቄም ይመጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ደንዲ ላይም አዋሽ ላይም ጉልበቱ አንድ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድም ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረውን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚህ ተራራ ከናፍጣ ይልቅ የተስማማ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ግን ከባድ ተሳቢ ሲጎትት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ የሚሰካበት የለም።

በጊንጪ በኩል ዘንድሮ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ተሳቢ ይዞ የማይዞርበት ጥግ የቱ ጋ እንደሆነና ጠጠሩ የታጠበበትን ቦታ ጻፉልን፤ ከወንጪ በኩል የመጣችሁም እንዲሁ። የተሳቢ ፍሬን በደንብ የሚገጥም ባለሙያ የምታውቁ ደግሞ በውስጥ መስመር አድርሱኝ።