ፀሐይ ተመለሰች፤ ሜዳውስ?

ፀሐይ አገሯ ገብታለች። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ተሠርታ የበረረችው፣ ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ወስዶ በሙዚየሙ ያቆማት ትንሽ አውሮፕላን፣ ከ80 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ብዙ ሰው ተደስቷል፣ ብዙ ፎቶም ተነስቷል። አብሮ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ግን ሳይነሳ ቀርቷል፦ ፀሐይን አይቶ «እኔም ልሥራ» የሚል የ12 ዓመት ልጅ የት ይሥራ? ከሠራስ የት ያብርር?

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የተቀበለችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ብቻቸውን ለመብረር በቁ። ከመጀመሪያዋ አውሮፕላን በኋላ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችውን አውሮፕላን ሠራ። ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነው። አካሏን ያቆመው ግን እዚህ የነበረ እጅ ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካ ባልነበረበት ዘመን አውሮፕላን ተሠራ ማለት ነው።

ያ እጅ ከሰማይ አይወርድም። በልጅነት ይሠለጥናል። በሌላው ዓለም ብዙ መሐንዲሶችና አብራሪዎች የጀመሩት በትንሽ ሞዴል አውሮፕላን ነው። ከሞዴሎቹ ሁሉ ደግሞ ለአዲስ አበባ ልጅ የምትቀርበው የድሮዋ፣ በገመድ የምትበረው ናት። «ኮንትሮል ላይን» ይሏታል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ተስፋፍታ በኋላ ዓለምን ያዳረሰች፣ ዛሬም የድሮውን ንድፍ እየተከተሉ የሚሠሯት ናት።

አሠራሯ ቀላል ነው። አብራሪው መሃል ሜዳ ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው ሁለት ቀጫጭን የብረት ገመዶች ወጥተው በክንፉ ጫፍ አልፈው አውሮፕላኗ ውስጥ ካለች፣ በመሃሏ ከምትሽከረከር ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ጋር ይገናኛሉ። ከዚያች ብረት አንድ ዘንግ ወደ ጭራ ይሄዳል። እጅ ወደ ላይ ሲቀና የጭራው ተንቀሳቃሽ ክንፍ ይነሳል፣ አውሮፕላኗም ትወጣለች። እጅ ዝቅ ሲል ትወርዳለች። ሬዲዮ የለም፣ ካሜራ የለም፣ ሳተላይት የለም። ያለው እጅ፣ ገመድና ዓይን ነው።

ሒሳቡም የክፍል ውስጥ ሒሳብ ነው። ገመዱ 18 ሜትር ቢሆን አንድ ዙር 113 ሜትር ያህል ይሆናል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የምትበር ከሆነ አንዱን ዙር በ4 ሰከንድ ተኩል ትጨርሳለች። ግማሽ ኪሎ የምትመዝን አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት የአብራሪውን እጅ በ1.8 ኪሎ ገደማ ኃይል ትጎትተዋለች፤ ከራሷ ክብደት ሦስት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ስለ ክብ እንቅስቃሴ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጦ የማይገባው ተማሪ ክንዱ ሲጎተት ይገባዋል። የክብደቷ ሚዛን የት መውደቅ እንዳለበትም (ከክንፉ ስፋት የፊተኛው ሩብ አካባቢ) አንዴ ወደ ኋላ አክብዶ የሠራ ልጅ፣ አውሮፕላኗ አልታዘዝ ብላ መሬት ስትመታ ያውቀዋል። ሁለተኛ አይረሳውም።

ዕቃውስ? በሌላው አገር የሚሠሩት በባልሳ ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ቀላል እንጨት። እዚህ ባልሳ ባይኖር ቀርከሃ አለ። ተሰንጥቆ ሲላግ ለጎድን አጥንትም ለጠርዝም ይሆናል። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ፎም ለክንፍ ይበቃል። ክንፍ የሚለበስበት ስስ ወረቀትና ጨርቅ ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ይገኛል። ሞተሩ ከባድ ነው፤ መገዛት አለበት፣ ወይም ከተሰበረ መጫወቻ ድሮን መፈታት አለበት። በነዳጅ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ሞተር ደግሞ አንድ አስገራሚ ነገር ይፈልጋል፦ የጉሎ ዘይት። ዓለም ለሞዴል ሞተር ማለስለሻ የሚጠቀምበት ይህ ዘይት፣ በኛ አገር በየአጥሩ ሥር ሳይዘሩት ከሚበቅለው ጉሎ የሚጨመቅ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያገናኘው ሱቅ አልነበረም፤ ሰፈር ነበር። ካዛንቺስ እንዲህ ያለ ሰፈር ነበረች። ፀሐይን የወሰደው ያው ወረራ ለዚህች ሰፈር ስም ትቶ ሄዷል። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት ድርጅት «ካዛ ኢንቺስ» የሚል ስም ቀረ፣ ሕዝቡም ካዛንቺስ አለው። ከጣሊያን በኋላ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ግን ነዋሪው ነው። ከትልልቆቹ ሆቴሎችና ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጀርባ ባለው ጉራንጉር ውስጥ ጣውላ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ጎሚስታው፣ ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ነበሩ። ልጅ «ጋሼ፣ ይቺን ቁራጭ ልውሰዳት?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነበረው። ጋሼም ተቆጥቶ ይሰጠዋል። ማስቲሹንም፣ ሽቦውንም፣ ምክሩንም እንዲሁ። ከቆርቆሮና ከሽቦ መኪና ሠርቶ ያልነዳ የሰፈር ልጅ ጥቂት ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። ስለ ካሳው፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ አዲሱ ቤት ጥራት ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ያልተቆጠረ ኪሳራ ግን አለ። ቤት በካሬ ይለካል፣ ካሳም ይተመንለታል። ጣውላ ቤቱና ሬዲዮ ጠጋኙ 20 እርምጃ ተራርቀው መኖራቸው ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። አሁን አንዱ በአንዱ ዳር፣ ሌላው በሌላው ዳር ነው። ልጁ በታክሲ ተሳፍሮ ቁራጭ እንጨት ሊለምን አይሄድም።

«ሰው ቤቱን አጥቶ፣ የጤፍ ዋጋ እንዲህ ሆኖ፣ ስለ መጫወቻ አውሮፕላን ይወራል?» የሚል ይኖራል። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የኛ ነው ብሎ የሚኮራ አገር፣ ልጆቹ አውሮፕላንን በስክሪንና በሰማይ ላይ ብቻ የሚያዩ ከሆነ ኩራቱ የተመልካች ኩራት ነው። አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ በአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር «ኬ-570ኤ» ያላትን አውሮፕላን ሲገጣጥም የዓለም ሚዲያ ተደንቆ ዘግቦታል። እኛም ተደነቅን። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን መሮጡ ግን ሊያሳስበን በተገባ ነበር። ክበብ ቢኖር፣ የሚያርመው ታላቅ ቢኖር፣ ከትንሿ ሞዴል ጀምሮ የሚወጣበት ደረጃ ቢኖር የት በደረሰ?

የጸጥታው ስጋትም ይነሳል። ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ይገባል። በገመድ የምትበረዋ ግን ከገመዷ ርዝመት አልፋ የትም አትሄድም። አታይም፣ አትቀርጽም፣ የሬዲዮ ሞገድ አትልክም። አደጋዋ ሌላ ነው፦ የብረት ገመዷ የኤሌክትሪክ መስመር ከነካ አብራሪውን ትገድላለች፣ በክቡ ውስጥ የገባ ሰውም ትመታለች። ስለዚህ ጓሮም መንገድ ዳርም ማብረሪያ አይሆኑም። ከላይ ሽቦ የማያልፍበት፣ 40 ሜትር ስፋት ያለው ክብና ተመልካች የሚቆምበት ዳር ያስፈልጋል።

ጥያቄው እዚህ ላይ በጣም ትንሽ ይሆናል። ከተማዋ በኮሪደር ልማቱ የልጆች መጫወቻና የስፖርት ሜዳዎችን እየሠራች ነው፤ ይህ የሚመሰገን ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ሜዳዎች ለዚህ አይበቁም። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ግን ይበቃል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ አንዱን ሜዳ እሑድ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ቢለቅ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቡን ከአንድ ጣውላ ሠሪ ጋር ቢያገናኝ፣ የራሱ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ያለው አየር መንገድ ጥቂት ሞተርና አንድ አስተማሪ ቢልክ ነገሩ ተጀመረ ማለት ነው። ለከተማዋ በጀት ይህ ምንም አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን አብራሪው ራሱ ይዞርበታል። የሚያውቁት «ዙሪያውን አትይ፣ አውሮፕላኗን ብቻ እይ» ይሉታል። ሦስት ዙር ዞሮ ይከሰክሳታል። ቁርጥራጯን ሰብስቦ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ፀሐይን የሠሩት እጆች ከዚህ የተለየ መንገድ አልነበራቸውም። የተመለሰችውን አውሮፕላን በክብር ማቆም ጥሩ ነው። በክብር ላይ አንድ ሜዳ ይጨመርላት።