ነጭ ውሸት

ከፉትስክሬይ በባቡር ሁለት ፌርማታ ርቃ በምትገኘው ያራቪል የምትኖር አንዲት እህት፣ ስሟ ይቆይና፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ከምትንከባከባቸው አንዷ ባልቴት ባላቸው ከሞቱ ዓመታት ቢያልፉም ትዝ አይላቸውምና፣ ጠዋት ጠዋት «ባለቤቴ መቼ ነው የሚመጣው?» ይላሉ። አንድ ቀን እህታችን እውነቱን ነገረቻቸው። ባልቴቷም ገና ያን ዕለት መርዶ እንደ ተረዱ ሆነው ሲያለቅሱ ዋሉ።

አለቃዋ ጠርታ፣ «ሁለተኛ እንዳትነግሪያቸው፤ ዋይት ላይ ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» አለቻት። እህታችን ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ መለሰችው፦ ነጭ ውሸት። በአማርኛ ነጭ ውሸት ማለት ደግሞ ዓይን ያወጣ፣ ኀፍረት የሌለው ቅጥፈት ነው። «በሽምግልናቸው ሰው እያታለልኩ የምበላው እንጀራ ይቅርብኝ» ብላ ማታውኑ መልቀቂያ ልትጽፍ ተቀመጠች።

ያስጣለቻት እዚሁ ያደገች ልጇ ናት። «እማዬ፣ የእነሱ ነጭ ውሸትና የእኛ አንድ አይደለም። እነሱ ዋይት ላይ የሚሉት ማንንም የማይጎዳውን፣ ሰው እንዳይከፋው ተብሎ የሚነገረውን ነው» አለቻት። ቀለሙ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር!

እንዲህ ያለው ወጥመድ ብዙ ነው። ሬድ ቴፕ ቀይ ክር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት ውጣ ውረድ ነው። ጥንት በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሰነድ በቀይ ጥብጣብ ይታሰር ስለ ነበር ስሙ ቀረ። ሒሳብዎ ኢን ዘ ሬድ ነው ከተባሉ ዕዳ አለብዎት፤ ኢን ዘ ብላክ ከተባሉ ግን ደስ ይበልዎ። ብሉ ማለት እዚህ አውስትራሊያ ጠብም ነው፤ ፀጉረ ቀዩን ሰው ደግሞ ብሉይ ብለው ይጠሩታል! የእኛም ቢሆን ለባዕድ ቀላል አይደለም። «ጥቁር እንግዳ» የሚለውን የክብር ቃል ቃል በቃል ቢተረጉሙለት ፈረንጁ ስድብ ይመስለዋል።

የአውስትራሊያ መንግሥት ለመጤዎች እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ለብዙ ዓመታት የሚፈቀደው 510 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ2021 ነው። እህታችን ግን ያንኑም ሳትጨርስ ነበር ሥራ የገባችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣት ሌላ ነገር ነበር። አገር ለቃ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ከአዲስ አበባ ተደውሎ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል» ተብላለች። አባቷ ግን ያን ጊዜ ተቀብረው ነበር። መርዶው የተነገራት ከሳምንታት በኋላ፣ የአገር ልጆች ተሰብስበው በማለዳ በሯን ሲያንኳኩ ነው። ዘመዶቿን ግን ውሸታሞች ብላ አልተቀየመችም።

በማግስቱ ባልቴቷ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። እህታችን አልዋሸችም፣ መርዶም አላረዳችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» አለቻቸው። ሲያጫውቷት ሻዩ ቀዘቀዘ።

የሰው አገር ቃል ሲጎረብጥዎ፣ መልቀቂያ ከመጻፍ በፊት «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።